በረዶ መሥሪያውን ያበላሹት አዛውንቷ ናቸው ብለው ለፈረዱት የጥገና ክፍል ኃላፊ

«በተደጋጋሚ በተደረገው ምርመራ ማቀዝቀዣው፣ የበረዶ መሥሪያውና የውሃ መስመሩ ያለ አንዳች እንከን እንደሚሠሩ ተረጋግጧል። ለተፈጠረው ብልሽት ምክንያቱ በቤቱ የሚኖሩት አዛውንት እናት የበረዶ መቅጃውን ከሚገባው በላይ ደጋግመው፣ በሁለት እጃቸውና በኃይል የሚጫኑት መሆኑ ስለታወቀ ጉዳዩ በዚህ ተዘግቷል።»

ለተከበሩ የደንበኞች ጥገና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይም ሳያነብ የሚፈርመው ቀኝ እጅዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኛ ከእናቴ በቀር ደህና ነን።

ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት በፊርማዎና በክብ ማኅተምዎ ተረጋግጦ የደረሰንን ደብዳቤ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃልም አልቀነስኩም። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ደህናም ብልሹም ሊሆን እንደማይችል ያስተማሩኝ መምህራን ይህን ደብዳቤ ሳያዩ ማለፋቸው ቆጭቶኛል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርዎ ዕቃው እንከን የለበትም፤ በሁለተኛው ደግሞ እናቴ አበላሽታዋለች። ያልተበላሸ ዕቃ ማበላሸት ከምትችል እናት መወለዴን እስከዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበርና ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቱን ሲያሸክሟት እንኳ አንቱ ማለትዎን አለመዘንጋትዎም ልቤን ነክቶታል። ሰው እየተረገጠ እንዲህ ሲከበር ማየት በየቀኑ አይገኝም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በዝግ ፖስታ የላክኋቸውን ስላልከፈታችኋቸው ነው። አንባቢ ነገሩን እንዲረዳ ግን አስቀድሜ ስለ እናቴ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ እርስዎም ቢሆኑ ከፈረዱባት በኋላ ማን እንደሆነች ቢያውቁ ነውር የለውም።

እናቴ አንገቷ ላይ ለወጣባት እጢ በጨረር ከታከመች ወዲህ ምራቅ የሚባል ነገር ከድቷታል። አፏ ይደርቃል፤ ውሃ በጉንጯ ስትወስድ ደግሞ ትን ይላታል። ሐኪሟ ያዘዘላት ቀላል ነገር ነው፦ የተፈጨ በረዶ በማንኪያ እየወሰደች ምላሷ ላይ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ማድረግ፣ ያንንም አፏ በደረቀ ቁጥር። ይህን ካጓደለች ሰውነቷ ውሃ አጥቶ ተመልሳ ሆስፒታል እንደምትተኛ ሳይሸፋፍን ነግሮናል።

በረዶውን በሳህን አቀዝቅዛችሁ በመዶሻ አትሰብሩላትም ወይ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሰብረናል። አስቸጋሪው በረዶው አልነበረም፤ እናቴ ነበረች። ሰው ማስቸገር ለእርሷ ሞቷ ነው። «እማዬ፣ በረዶ ላምጣልሽ?» ስላት፣ ከንፈሯ ዝናብ እንዳልጎበኘው መሬት ተሰነጣጥቆ፣ «አሁን ወሰድኩ እኮ ልጄ፣ አንተ ሥራህን ሥራ» ትለኛለች። በሩ ላይ በረዶ የሚፈጭና የሚቀዳ ፍሪጅ ከእናንተ የገዛነው በዚህ ምክንያት ነው። እናቴ በትሯን ይዛ ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች፤ ኩባያዋን መጫኛው ላይ ታስደግፋለች፤ በረዶው እየተንኮሻኮሸ ይወርድላታል፤ ማንንም አልለመነችም፣ ማንንም ከመቀመጫው አላስነሳችም። «ይሄ ልጅ ከሁላችሁም ይሻላል፤ አንዴ ነካ ሲያደርጉት አቤት ይላል» ብላ ስታሾፍብን፣ ከሕመሟ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይተናት አናውቅም ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ወይም በክፍልዎ አጠራር ወደ «አስተያየቶቼ»፣ ልለፍ።

አንደኛ። ዕቃው ምንም ሳይሆን «የደንበኛ እርካታ ፍተሻ» የሚባል በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት አለን ብላችሁ ሳንጠራችሁ ስለመጣችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጫኝና አውራጆቻችሁ ፍሪጁን ከግድግዳው ስበው አወጡት፤ አንድ ሰው ጀርባውን በጨርቅ ጠረገው፤ እርካታችንን ጠየቀን፤ ረክተናል አልነው። ፍሪጁን መልሰው ገፍተው ከግድግዳው ጋር አጣብቀውት ሄዱ። እርካታችን ያከተመው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በረዶው መጀመሪያ ውስጡ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ እንደ ጥፍር ሳሳ፤ በመጨረሻም ማሽኑ በባዶ ሆዱ ሲያጉረመርም ብቻ ይሰማ ጀመር። ከጎኑ ያለው ውሃ መቅጃም አንድ ጠብታ ጥሎ ሁለተኛውን ለመጣል የሚመካከር ይመስል ነበር።

እኔም መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ለደንበኛ የተፈቀደውን ሁሉ ፈተሽኩ። የግድግዳው ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። የውሃ ማጣሪያውን ነቅዬ፣ ከዕቃው ጋር በመጣው መድፈኛ ተክቼ ያለ ማጣሪያ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። የፍሪዘሩ ቅዝቃዜ በቴርሞሜትር ሲለካ ልክ ነው። የበረዶ መሥሪያው ማብሪያ አልጠፋም። እንግዲህ ውሃው ከግድግዳው ይወጣል፣ ፍሪጁ ውስጥ ግን አይገባም፤ ስለዚህ እንቅፋቱ በሁለቱ መካከል ነው። ይህ የዶክትሬት ጥናት አይደለም። ዋስትናችሁ ግን ከእናንተ ጫኝና አውራጅ በቀር ማንም ፍሪጁን ከቦታው እንዳያንቀሳቅስ፣ ካንቀሳቀሰም ዋስትናው እንደሚቀር በደማቁ ጽፎ ይከለክላል። ስለዚህ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝና የደረስኩበትን ጽፌ ላክሁላችሁና እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛ። ባለሙያዎቻችሁን ስላስተማራችሁበት ጥብቅ የሥራ ክፍፍል ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። በቅድሚያ የመጣው የቧንቧው ባለሙያ ነበር። ባለሙያ ዕቃ አይገፋምና ጫኝና አውራጆቹ ፍሪጁን ሳቡለት። ውሃ ወደ ፍሪጁ የሚወስደውን ጎማ ከግድግዳው ነቅሎ ባልዲ ውስጥ ለቀቀው፤ ውሃው ፏፏቴ ሆነ። «ጋሼ፣ ውሃ አለዎት» አለኝ። ውሃ እንዳለኝማ እኔም አውቃለሁ፣ ፍሪጁ ነው የሌለው ብዬ ብመልስለት፣ «ፍሪጁ የቅዝቃዜ ክፍል ነው፤ የእኔ ግድግዳው ነው» ብሎ ጎማውን መለሰና ፈርሞ ወጣ። ጫኞቹ ገፉት። በረዶ የለም።

ቀጥሎ የቅዝቃዜው ባለሙያ መጣ። ፍሪጁ እንደገና ተሳበ። ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ በመለኪያው ነካካ፤ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ፤ ውሃው ሽው ብሎ በረዶ መሥሪያው ውስጥ ሲገባ በጆሮዬ ሰማሁ። ባለቤቴ ከደስታዋ ብዛት እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ሰውየው ፈረመ፤ ወጣ። ጫኞቹ ገፉት፤ ወጡ። ኩባያ አስጠጋሁ፤ ድርቅ! ሮጬ ደረጃው ላይ ደረስኩበትና «ቆመ እኮ!» አልኩት። «እኔ ስፈትሸው ሠርቷል፤ ፈርሜያለሁ» አለኝ። ታዲያ ተመለስና እየው ስለው፣ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ከክፍልዎ የሰማሁትን እጅግ ጥልቅ አባባል ነገረኝ፦ «ጋሼ፣ ከፈረምኩ በኋላ ካየሁትማ የፈረምኩት ውሸት ሊሆንብኝ ነው።» ይህን ሰው ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት እንዲያሳድጉት በትሕትና አሳስባለሁ፤ ከእርስዎ ወንበር በታች መቀመጡ ግፍ ነው።

ሦስተኛ። ከዚህ በኋላ የሁሉ የበላይ የሆነው፣ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን የማያወልቀው ተቆጣጣሪያችሁ መጣ። ሲሳብ ይሠራል፣ ሲገፋ ይቆማል፤ ስለዚህ እባክህ ተገፍቶ ባለበት ከጀርባው ያለውን ጎማ እይልኝ አልኩት። ፍተሻ የሚደረገው ዕቃው ከግድግዳ ከወጣ በኋላ ብቻ እንደሆነ፣ ከተገፋ በኋላ ያለው ጊዜ «ከፍተሻ በኋላ» እንደሚባልና «ከፍተሻ በኋላ» ፍተሻ እንደማይደረግ አስረዳኝ። እርሱ የመጣው ዕቃውን ሊያይ አልነበረም፤ ሰው ሊያይ ነበር። እናቴን ጠራት።

«እማማ፣ እስቲ እንዴት አድርገው እንደሚጫኑት ያሳዩኝ» አላት፤ አነጋገሩ ማር ነበር። እናቴ እንግዳ የጠየቃትን እንዴት እምቢ ትበል? በትሯን ለእኔ ሰጥታ፣ ጣቶቿ ስለማይታዘዙላት ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ተጫነችው። «በሁለት እጅ ነው እንዴ ሁልጊዜ?» አላት። «አዎ ልጄ፣ አንዱማ ይንቀጠቀጥብኛል» አለችው። «በቀን ውስጥስ ብዙ ጊዜ ነው?» አላት። «አፌ ሲደርቅ ነዋ፤ እንግዲህ መቼ ይረጥባልና!» ብላ ሳቀች። እርሱም አብሯት እየሳቀ ጻፈ። ይህን የመሰለ የተሟላ የእምነት ቃል ያለ ጠበቃ መቀበል የቻለ ሰው ፍሪጅ ቤት ውስጥ መባከኑ ያሳዝናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ቫልቩን የሞከረ ባለሙያ ፊርማ አለው፣ ቧንቧውን የሞከረ ባለሙያ ፊርማ አለው፣ ፍሪጁ አፍ የለውም፤ በክፍሉ ውስጥ ፊርማም መከላከያም የሌላት እናቴ ብቻ ነበረች።

አራተኛ። ጉዳዩን ስለዘጋችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተዘጋ ጉዳይ ዋስትና የለውም፤ ዋስትና ከሌለ ክልከላም የለም። ደብዳቤያችሁ በደረሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እኔና ባለቤቴ ፍሪጁን ስበን አወጣነው። እርሷ ብርጭቆ ይዛ ውሃ መቅጃው ፊት ቆመች፤ እኔ በትከሻዬ ቀስ እያልኩ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። «ይወርዳል… ይወርዳል… ኧረ ቀጠነ… ቆመ! አንተ ሰውዬ፣ ቆመ!» ብላ ጮኸች። ባትሪ አብርቼ ጉንጬን ከወለሉ አጣብቄ በጎኑ አየሁ። የፕላስቲኩ ጎማ በፍሪጁ ጀርባና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ፣ እንደ ታጠፈ ወረቀት ሰምበር አውጥቶ ታንቋል። ፍሪጁ ሲሳብ ጎማው ይቃናል፣ ውሃው ያልፋል፣ ባለሙያው ይፈርማል። ሲገፋ ይታጠፋል፣ ውሃው ይቆማል፣ ባለሙያው ግን ደረጃውን ወርዶ ጨርሷል።

ሰምበር ያወጣውን ጎማ ጥዬ ረዘም ያለ አዲስ ገዛሁ፤ እንዳይታጠፍ ከፍሪጁ ጀርባ በሰፊው ጠምዝዤ አሰርኩት፤ ፍሪጁም ግድግዳውን እንዳይነካ አንድ ቁራጭ እንጨት ወለሉ ላይ ቸነከርኩ። አየሩ ከመስመሩ እስኪወጣ ውሃውን አፈሰስኩ፤ መመሪያው እንደሚያዘውም የመጀመሪያውን በረዶ ደፋሁ። ሁለተኛው ሙሉ ሆኖ ወረደ። ይህን ያህል ነው፤ የእናንተን የሦስት ክፍል ባለሙያ ያሸነፈው ምስጢር ጎማ ነው።

ሕዝብ ከዚህ ስህተት እንዲድን ብዬ ወዲያው ለክፍልዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ጨዋ ሴት ከግድግዳው እስከ ፍሪጁ ጀርባ ያለው ክፍተት የቧንቧ ክፍልም የቅዝቃዜ ክፍልም እንዳልሆነ ነገረችኝ። ታዲያ የማን ነው ብላት፣ ጥቂት አሰበችና «የማንም አይደለም ጌታዬ» አለችኝ። የማንም ባልሆነ ቦታ ለተፈጠረ ጥፋት ጥፋተኛ የተገኘለት መሆኑ ግን ክፍላችሁ ብልሃት እንደማያጣ ያሳያል። ደብዳቤያችሁን አስተካክሉልኝ ብዬ ደግሞ በጽሑፍ ብለምን ፖስታው እንኳ ሳይከፈት የተዘጋ ጉዳይ አይከፈትም ተባልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱና የያዘው ሰው እንዲህ ተስማምተው ሲኖሩ ግን ከክፍልዎ በቀር አላየሁም።

አምስተኛ። ይህ የመጨረሻው ነው፤ በምስጋና ላቀርበው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ደብዳቤዎ ሲመጣ ቤት የነበረችው እናቴ ናት። ተቀብላ የፈረመችው፣ መነጽሯንም አድርጋ ያነበበችው እርሷ ናት። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ልጄ፣ ዕቃህን ሰበርኩብህ» አለችኝ። ኩባያዋን አጥባ፣ አድርቃ ለባለቤቴ መልሳላታለች።

ጎማውን ከቀየርኩ በኋላ «እማዬ፣ ተሠራ፤ ነይና ሞክሪው» አልኳት። «ተወኝ፣ ደግሞ ላበላሸው?» አለችኝ። አንቺ አላበላሸሽውም፣ ጎማ ነው የታጠፈው ብዬ አሮጌውን ጎማ አምጥቼ ሰምበሩን አሳየኋት። በጣቷ ዳበሰችውና «አንተ እኔን ለማጽናናት ነው። ሰዎቹ መጥተው ፈትሸው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው የላኩትን አንተ በጎማ ልታፈርሰው ነው?» አለችኝ። ልፈርድባት አልችልም። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ በመዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት በእጇ አላለፈም፣ ማኅተም ያለውንም ተጠራጥራ አታውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት ባላየው ነገር ላይ ማኅተም ያሳርፋል ብላ ማሰብ አልተማረችም። በእርሷ ዘመን እንደዚያ ያደረገ ሰው ከሥራው ይባረር እንደነበር ነግራኛለች፤ የእናንተ ዘመን እንዴት እንደተሻሻለ አላስረዳኋትም።

አሁን በረዶው አለ፤ ማሽኑ ሌት ተቀን ያመርታል፤ ሣጥኑ ሞልቷል። እናቴ ግን በአጠገቡ ስታልፍ እጇን ወደ ጉያዋ ትሰበስባለች። እኛ ስናመጣላት «ወሰድኩ» የሚለው መልሷ ተመልሷል። ልብሷ ሰፍቷታል። ሐኪሟ ባለፈው ሲያያት ቆዳዋን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀና ፊቱ ተለወጠ፤ በዚህ ከቀጠለች አልጋ እንደሚያስይዛት ነገረን። እኔ ልጇ ነኝ፤ ማኅተም የለኝም፤ ብናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኗል። እናቴን ወደ ፍሪጁ ሊመልሳት የሚችለው ያባረራት ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ካሣ አልፈልግም፤ ባለሙያ አትላኩብኝ፤ ጫኝና አውራጅ በተለይ አትላኩብኝ። በክፍልዎ ወረቀት፣ በእርስዎ ፊርማና በዚያው ክብ ማኅተም፣ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእናቴ የተጻፈ ደብዳቤ እፈልጋለሁ። «በረዶ መሥሪያውን እርስዎ አላበላሹትም፤ የውሃውን ጎማ ያጠፉት የእኛ ሠራተኞች ናቸው፤ እንደልብዎ በሁለት እጅዎ ይጫኑት» ይበል። ከዚህ አይርዘም፤ ሲረዝም የምትጽፉትን አይተናል። ዓይኗ ደክሟልና ፊደሉ ጎላ ይበል። ይህ ደብዳቤ እስከ ሰኔ 15 ቀን ድረስ በእጇ እንዲገባ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚነገር፣ በቃል የሚላክ፣ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል ማናቸውም ምላሽ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ በእርጅናዎም ጊዜ ቃልዎን ከማኅተም በፊት የሚያምን ልጅ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ ሳልጠይቅ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ አክብሮቱም እስከ ተጠቀሰው ቀን ድረስ ብቻ የሚጸና፤
የ«አዛውንቷ» ልጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም። እርሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው፤ ክፍላችሁ ድረስ ወስጃት ዕቃችሁን ስላበላሸች ይቅርታ እንድትጠይቃችሁ። እስካሁን በሰበብ አስባቡ አቆይቻታለሁ። ቀኑ ካለፈ ግን ፈቃዷን እፈጽማለሁ፤ ከነበትሯ አምጥቼ ከጠረጴዛዎ ፊት አስቀምጣታለሁ፤ እርስዎም ይቅርታዋን ዓይን ዓይኗን እያዩ ይቀበሏታል። አፏ ቶሎ ይደርቃልና ዐረፍተ ነገሯን እስክትጨርስ በትዕግሥት ይጠብቋት።